ቃል መቀበል፦ የበርናቢው ተኩስና አሥራ ሦስቱ ምስክሮች

ወቅቱ ፀደይ፣ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነበር። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ከቫንኩቨር ጎን ባለችው በርናቢ አንድ ሰው ወደ ጦር መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ገባ። ባለሱቁን አስሮ፣ ገንዘብና መሣሪያ ይዞ ወጣ። ባለሱቁ ራሱን ከእስሩ ፈታ፤ ሽጉጡን አነሣና የዘራፊውን መኪና ታርጋ ለማየት ወደ ደጅ ወጣ። ዘራፊው ግን ገና መኪናው ውስጥ አልገባም ነበር። ሁለቱ ሰዎች በሁለት ሜትር ያህል ርቀት መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። ዘራፊው ሁለት ጊዜ ተኮሰ፤ ባለሱቁ ቆሰለ። ለአፍታ ሁሉ ነገር ቆመ። ከዚያ ባለሱቁ በሽጉጡ የነበሩትን ስድስቱንም ጥይቶች ተኮሰ። ዘራፊው ሞተ፤ ባለሱቁ ከባድ ጉዳት ቢደርስበትም ተረፈ።

ይህ ሁሉ የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ነው። ከእግረኛው፣ በመኪና ከሚያልፈው፣ በአካባቢው ሕንፃዎች ውስጥ ከነበረው ሰው መካከል 21 ያዩ ሰዎች ለካናዳ ፌዴራል ፖሊስ ቃላቸውን ሰጡ። ፖሊስ ዘራፊውን መፈለግ አላስፈለገውም፤ ዘራፊው እዚያው ወድቋል። መዝገቡ እንደ ሌሎች መዝገቦች መደርደሪያ ላይ ተረስቶ ይቀር ነበር፤ ጆን ዩይል እና ጁዲት ከትሻል የተባሉ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ባይደርሱበት ኖሮ።

ለብዙ ዓመታት በጠበቃነት ስሠራ ስለ ምስክር ከጻፉት ሁሉ ይህን ጥናት ያህል የተመላለስኩበት የለም። ምክንያቱን ለማስረዳት በጊዜው ሳይንሱ የት እንደነበረ መናገር አለብኝ። የዚያን ዘመን ተመራማሪዎች የምስክርን ትዝታ ያጠኑ የነበረው በአብዛኛው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው ጥያቄ በመጠየቅ ነው። ከእነዚህ ጥናቶች የወጣው ትምህርት አስደንጋጭ ነበር፦ የሰው ትዝታ በጥያቄ ይበረዛል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ኤልዛቤት ሎፍተስ እና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ሙከራ ለአንዳንዶቹ «የተሰበረ የፊት መብራት አይታችኋል?»፣ ለሌሎቹ ደግሞ «የተሰበረውን የፊት መብራት አይታችኋል?» የሚል ጥያቄ አቀረቡ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መብራት አልነበረም። ሆኖም «የተሰበረውን» ከተባሉት መካከል 15 በመቶው፣ «የተሰበረ» ከተባሉት ደግሞ 7 በመቶው አይተናል አሉ። በእንግሊዝኛ ልዩነቱ አንዲት ትንሽ ቃል ናት። በአማርኛ ደግሞ በቃሉ ጫፍ ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ፊደላት ናቸው፦ «ውን»። መርማሪው ሳያስበው ከአፉ የምታመልጥ ነገር ናት። ምስክሩ ግን ይሰማታል፤ መብራቱ መሰበሩ የታወቀ፣ የቀረው የእርሱ ማየት አለማየት ብቻ እንደሆነ አድርጎ ይረዳታል።

ዩይል እና ከትሻል የጠየቁት ጥያቄ ቀላልና ትልቅ ነበር። ፊልም ያየ ተማሪ እንዲህ ከሆነ፣ በዓይኑ ፊት ሰው ሲገደል ያየ ምስክርስ እንዴት ነው? የበርናቢው ጉዳይ ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ነበር። የምስክሮቹ ቁጥር ብዙ ነው፤ ያዩት ከተለያየ አቅጣጫ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሆነውን ነገር ከምስክሮቹ ቃል ውጭም ማረጋገጥ ይቻላል፤ የሥፍራው ፎቶግራፎች፣ የተያዙት መሣሪያዎች፣ የሕክምናና የአስከሬን ምርመራ ውጤቶች ነበሩ። በወንጀል ጉዳይ እንዲህ ያለ ዕድል እምብዛም አይገኝም። ብዙ ጊዜ እውነቱን የምናውቀው በምስክር በኩል ብቻ ስለሆነ፣ ምስክሩን የምንመዝንበት ሌላ ሚዛን የለንም።

ከ21ዱ ምስክሮች 13ቱ እንደገና ለመጠየቅ ፈቀዱ፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 32 ዓመት ነበር። ተኩሱ ካለፈ አራት ወይም አምስት ወር ሆኖታል። አካሄዱ ከፖሊሱ ብዙ የራቀ አልነበረም፦ መጀመሪያ ምስክሩ ያየውን ሁሉ በራሱ አነጋገር ይተርካል፤ ከዚያ ጥያቄ ይከተላል። ልዩነቱ ንግግሩ በቴፕ መቀረጹ፣ ጠያቂውም መዝገብ ለመዝጋት የማይቸኩል መሆኑ ነው። ተመራማሪዎቹ ከሎፍተስ ሙከራ የተማሩትን ወጥመድም አስገቡ። ለግማሾቹ ስለ «ተሰበረ» መብራት፣ ለግማሾቹ ስለ «ተሰበረው» መብራት ጠየቁ፤ እንደዚሁም በዘራፊው መኪና ላይ ስላልነበረ ቢጫ ፓራፋንጎ ጠየቁ። ከዚያ የእያንዳንዱን ሰው ቃል ወደ ነጠላ ዝርዝሮች ከፋፍለው፣ ለፖሊስ የተሰጠውንና ለእነርሱ የተሰጠውን ከማስረጃው ጋር አንድ በአንድ አመሳከሩ።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1986 ታተመ። ከአሥራ ሦስቱ ምስክሮች ፖሊስ ያገኘው ዝርዝር ወደ 650 ሲጠጋ፣ ተመራማሪዎቹ ከአራት ወይም አምስት ወር በኋላ ከእነዚያው ሰዎች ያገኙት ከ1,050 በላይ ነው፤ ከ60 በመቶ በላይ ብልጫ ማለት ነው። ትክክለኛነቱስ? ለፖሊስ ከሰጡት ዝርዝር 82 በመቶ ያህሉ፣ ለተመራማሪዎቹ ከሰጡት 81 በመቶ ያህሉ ትክክል ነበር። ወራቱ ትዝታውን እንደተፈራው አልሸረሸሩትም። የወጥመድ ጥያቄዎቹም አብዛኞቹን ምስክሮች አልያዙም፤ ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም ወይም አላስተዋልኩም ብለው መለሱ።

እነዚህን ቁጥሮች መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት መጽሔቱን ዘግቼ ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። በፖሊስ መዝገብ ያልተጻፉት እነዚያ አራት መቶ ዝርዝሮች በምስክሮቹ ልብ ውስጥ ነበሩ። ከተኩሱ ማግሥትም ነበሩ። የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

እዚህ ላይ ለፖሊሶቹ ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ፖሊስ የሚፈልገው ለመዝገቡ የሚጠቅመውን ነው፤ ተመራማሪዎቹ ደግሞ ለመዝገብ ምንም የማይፈይደውን ዝርዝር ሳይቀር ጠይቀዋል። ፖሊሱ በእጁ ነው የጻፈው፤ በእጅ የሚጽፍ ሰው ከሚሰማው ይመርጣል። ስለዚህ ልዩነቱን በሙሉ የችሎታ ማነስ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። ግን መርማሪ ገና በመጀመሪያው ቀን የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን በምን ያውቃል? በበርናቢ ገዳዩም ሟቹም ታውቀዋል። ተጠርጣሪው ባልታወቀበት መዝገብ ግን ዛሬ «አያስፈልግም» ተብሎ ያልተጻፈ የጫማ ቀለም ነገ ንጹሑን ሰው የሚያድን ሊሆን ይችላል።

ከጥናቱ ሌላ ብዙ ያነጋገረው ስለ ድንጋጤ የተገኘው ነው። ምስክሮቹ በጊዜው ምን ያህል እንደተጨነቁ ራሳቸው በመለኪያ እንዲገልጹ ተጠይቀው ነበር። እጅግ የደነገጡት ለፖሊስ በሰጡት ቃል ትክክለኛነታቸው ከ90 በመቶ በላይ ሲሆን፣ እምብዛም ያልደነገጡት 75 በመቶ አካባቢ ነበሩ። ይህን ይዞ ድንጋጤ ትዝታን ያጠራል ማለት ግን ችኮላ ነው። ይበልጥ የደነገጡት ለተኩሱ የቀረቡት፣ ከባለሱቁ ወይም ከዘራፊው ጋር በቀጥታ የተገናኙት ናቸው፤ ቅርብ ስለነበሩ በደንብ አይተዋል። ድንጋጤውንና ቅርበቱን መለየት አይቻልም። ለእኔ ከዚህ የሚበቃኝ ትምህርት ሌላ ነው፦ ደንግጧል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያለቅሳል ተብሎ የምስክሩ ቃል ሊናቅ አይገባም።

የተሳሳቱባቸው ነገሮችም አሉ፤ ይህን መሸፈን ጥናቱን ማዋረድ ነው። የድርጊቱን ቅደም ተከተል፣ ማን ምን እንዳደረገ በሚገባ ያስታወሱ ሰዎች የቁመት፣ የክብደትና የዕድሜ ግምት ላይ ሲደርሱ በብዛት ስተዋል። ሰው ድርጊትን ያያል እንጂ ኪሎና ዓመት አያይም። «ስንት ዓመት ይሆነዋል?» ስንለው ማስታወሱን ትቶ መገመት ይጀምራል፤ በመዝገቡ ላይ ግን ግምቱም ትዝታውም በአንድ ቀለም ይጻፋሉ። ደግሞም በበርናቢ ማንም ምስክር ከማያውቃቸው ሰዎች መካከል ወንጀለኛውን እንዲለይ አልተጠየቀም። ያ ሌላ ዓለም ነው። በአሜሪካ በዲ ኤን ኤ ምርመራ ነፃ ከወጡት ታራሚዎች መካከል ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ የታሰሩት የዓይን ምስክር በስሕተት ለይቷቸው ነው። የበርናቢውን ጥናት ይዞ «ምስክር አይሳሳትም» የሚል ጠበቃ ወይም ዐቃቤ ሕግ ቢገጥመኝ አጥብቄ እከራከረዋለሁ።

ታዲያ ያንን የተቀመጠ ትዝታ ሳይበርዙ እንዴት መቀበል ይቻላል? በዚያው ዘመን ሮናልድ ፊሸር እና ኤድዋርድ ጋይዝልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በዚህ ጥያቄ ላይ ይሠሩ ነበር። ፊሸር በፍሎሪዳ ፖሊሶች ምስክር ሲጠይቁ የተቀረጹ ቴፖችን ከባልደረቦቹ ጋር አዳመጠ፤ ያገኙትንም እ.ኤ.አ. በ1987 አሳተሙ። ፖሊሱ «የሆነውን ንገረኝ» ካለ በኋላ ምስክሩን አቋርጦ ሌላ ጥያቄ እስኪያስገባ ድረስ በአማካይ የሚያልፈው ጊዜ 7.5 ሰከንድ ብቻ ነበር። በአንድ ቃለ መጠይቅ በአማካይ ሦስት ሰፊ ጥያቄዎች ሲቀርቡ፣ በአንድ ቃል የሚመለሱት ግን 26 ነበሩ።

ይህ ነገር በአማርኛ ሲሆን ከእንግሊዝኛው ይብሳል ብዬ አምናለሁ። የእኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን ለመጨረሻ ያስቀምጣል። «ከሥራ ወጥቼ ወደ ታክሲ መያዣው ስሄድ፣ ቀይ ሹራብ የለበሰው ልጅ ያንን ሽማግሌ በያዘው ዱላ…» ላይ ሰውየውን ብናቋርጠው ምን ቀረን? መታው? ገፋው? ሊመታው ሲል ተወው? ወይስ ዱላውን አቀበለው? ወንጀል መኖር አለመኖሩ ያለው ገና ባልተነገረው ግሥ ላይ ነው። መርማሪው «ምን ዓይነት ዱላ?» ብሎ ከገባ በኋላ ምስክሩ ወደ ነገሩ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚያቀብለው መርማሪው ነው፦ «ከዚያ መታው፣ አይደል?»

ፊሸር እና ጋይዝልማን የቀመሩት አጠያየቅ መሠረቱ ቀላል ነው። ሰው አንድን ነገር የሚያስታውሰው በነገሩ ዙሪያ በነበሩት ነገሮች በኩል ነው፦ በጠረኑ፣ በድምፁ፣ በብርሃኑ፣ በራሱ ስሜት። ስለዚህ መርማሪው ምስክሩን መጀመሪያ ወደ ቦታው በሐሳብ ይመልሰዋል። ከዚያ ይረባም አይረባም ሳይል ሁሉን እንዲናገር ይጠይቀዋል፤ ታሪኩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲተርክ፣ ሌላ ቦታ ቆሞ ቢሆን ምን ይታይ እንደነበር እንዲያስብ ያደርገዋል። በኋላ ባሻሻሉት ቅጽ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ጨመሩ፦ ንግግሩን የሚመራው ምስክሩ ነው፤ ዝምታውም አይቋረጥም።

በእኛ ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ምን ሊመስል እንደሚችል ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልፍጠር። የሰፈር ሱቅ ሲዘረፍ ያዩ አንዲት አዛውንት ቃላቸውን ሊሰጡ መጥተዋል። አንዱ መርማሪ «እማማ፣ ልጁ ጥቁር ጃኬት ነበር የለበሰው? ስለቱን በየትኛው እጁ ነው የያዘው?» ይላል። እርሳቸውም በአክብሮት፣ መርማሪው ያውቀዋል ብለው «አዎ ልጄ፣ በቀኙ መሰለኝ» ይላሉ። ስለት ስለመኖሩ ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ሌላው መርማሪ ወንበር ያቀርብላቸዋል፤ ውኃ ይሰጣቸዋል፤ ብዕሩን ያስቀምጣል። «እማማ፣ እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ያዩት እርስዎ ነዎት። አይቸኩሉ። ያን ዕለት ወደ ሱቁ ሲሄዱ ምን ሊገዙ ነበር? ከፈለጉ ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ እዚያ እንደቆሙ ይሁኑና ያዩትንም የሰሙትንም፣ ትንሽ ነው የሚሉትንም ይንገሩኝ። ያላዩትን አላየሁም ማለት ይችላሉ፤ አይከፋኝም» ይላል። ከዚያ ዝም ይላል። ሽማግሌና አሮጊት ወደ ነገሩ የሚገቡት ዙሪያውን ሄደው ነው፤ ስኳር ሊገዙ እንደነበር፣ ባለሱቁ ለልጅ ልጃቸው ከረሜላ እንደሚሰጥ ያወራሉ። ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን ወሬ ይለዋል። እርሳቸው ግን ወደ ቦታው እየተመለሱ ነው።

ዘዴው ከቤተ ሙከራ ወጥቶም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመ ጥናት ከማያሚው ዴድ ካውንቲ 16 መርማሪዎች መካከል ሰባቱ ሠለጠኑ። ከሥልጠናው በኋላ ከእውነተኛ ተበዳዮችና ምስክሮች ያገኙት መረጃ ከራሳቸው የቀድሞ ሥራ 47 በመቶ፣ ካልሠለጠኑት ባልደረቦቻቸው ደግሞ 63 በመቶ ጨመረ። በሌላ ማስረጃ ሊመሳከር ከቻለው ውስጥም አብዛኛው ትክክል ሆኖ ተገኘ። በበርናቢ የታየው ብልጫና ይህኛው ብልጫ መቀራረባቸው የአጋጣሚ ነገር ሊሆን ይችላል፤ የሚያሳዩት ግን አንድ አቅጣጫ ነው። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1992 አዲሱን የፖሊስ አጠያየቅ ሲዘረጉ ይህን ዘዴ ተቀብለው አስገብተውታል። ዩይል ራሱም በኋላ ለሕፃናት ምስክሮች ደረጃ በደረጃ የሚሄድ አጠያየቅ አዘጋጅቷል።

በአገራችን «ቃል መቀበል» እንላለን፤ የፖሊስም የፍርድ ቤትም ቃል ነው። ምስክሩ ይሰጣል፤ መርማሪው ይቀበላል። ቋንቋው ራሱ የሥራውን ድንበር አስምሮ አስቀምጦልናል። ነገር ግን ሌላ ቃልም አለን፤ ማውጣጣት። የጥንቱ አውጫጭኝም ከዚያው ሥር የመጣ ነው፤ አገሬው ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ የሚቆይበት ሸንጎ። ለዘመኑ የአገር ጥበብ ነበር፤ ሁሉም በአንድነት ሲመክር ግን የአንዱ ትዝታ ወደ ሌላው መፍሰሱ አይቀርም። ዛሬም ምስክሮች በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ተራቸውን ሲጠብቁ ስለ ነገሩ ያወጋሉ፤ ክፉ አስበው አይደለም፤ ሰው ስለሆኑ ነው።

አንድ ጊዜ በያዝኩት መዝገብ ውስጥ አምስት ምስክሮች ቃላቸውን ሰጥተው ነበር። አንዱ ገበሬ፣ አንዷ ነጋዴ፣ አንዱ ተማሪ። የአምስቱም ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በአንድ የቃላት ቅደም ተከተል ተጽፏል። ሰዎቹ ሲናገሩ ግን «መሰለኝ»፣ «ሲሉ ሰማሁ»፣ «ያኔ ዞር ብዬ ነበር» ይላሉ። እነዚህ ቃላት በጽሑፉ ላይ አንድም አልነበሩም። «መሰለኝ» የምትለው ቃል በምስክርነት ውስጥ ወርቅ ናት፤ ምስክሩ የሚያውቀውንና የሚገምተውን ራሱ እየለየልን ነው። ጸሐፊው ሲያስቀራት በታማኝነት የተናገረውን ሰው በችሎት ውሸታም ያስመስለዋል። በመስቀለኛ ጥያቄ ያንን ተማሪ እንዲያ አድርጌ አስጨንቄዋለሁ፤ ጥፋቱ የእርሱ እንዳልነበረ የገባኝ በኋላ ነው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በአንቀጽ 137 ዋና ጥያቄ ሲቀርብ፣ ማለትም ምስክሩን ያመጣው ወገን ሲጠይቅ፣ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መሪ ጥያቄ፣ መልሱን በውስጡ የያዘ ጥያቄ፣ መጠየቅን ከልክሏል። ጠበቃ «ተቃውሞ አለኝ» ይላል፤ ዳኛው ያስቆማል። ነገር ግን ምስክሩ ዳኛ ፊት የሚደርሰው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። መሪው ጥያቄ ከቀረበ ግን የቀረበው በመጀመሪያው ቀን፣ ተቃውሞ የሚያነሣ ሰው በሌለበት ጠባብ ክፍል ነው። ችሎት ላይ የምንሰማው ትዝታ ያኔ የተነካውን ነው። ስለዚህ ቃል የሚቀበለው መርማሪ የሚያስፈልገው ሥልጠና ከዳኛውና ከጠበቃው ያነሰ ሊሆን አይገባም ነበር፤ የመጀመሪያውን ቃል በድምፅ መቅረጽም እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም። ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ዩይል እና ከትሻል ከያዙት ቴፕ ይሻላል።

ከ21ዱ የበርናቢ ምስክሮች በጥናቱ ያልገቡት ስምንት ናቸው። ሁለቱ ከአካባቢው ርቀዋል፤ አምስቱ አልፈለጉም። ስምንተኛው ባለሱቁ ነው። የሁለቱን ጥይቶች ድምፅ ከሁሉም ቅርብ ሆኖ የሰማው፣ በዚያች አጭር የቆመች ቅጽበት ውስጥ የነበረው እርሱ ነው። ያን ቀን እንደገና መኖር አልፈልግም አለ፤ ቃሉም በጥናቱ ውስጥ የለም።